«አናትህ ላይ ነው!»፦ ልጆችን ስለሚያስቁ አጫጭር ጭውውቶች

ልጅ የሚስቀው ከተዋናዩ ቀድሞ ሲያውቅ ነው። ቆቡን አናቱ ላይ ደፍቶ «ቆቤን ያያችሁ!» እያለ ዴስክ ስር የሚርመጠመጥ ሰው ሁለተኛ ክፍል ፊት ቢቆም፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ስልሳው ልጅ ባንድ ድምፅ «አናትህ ላይ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ያው ሰው እዚያው ቆሞ ከስልኩ ያነበበውን ቀልድ ቢያወራ ግን ፊት ወንበር ላይ ያሉ ሁለት ልጆች በትሕትና ፈገግ ይሉለት ይሆናል። በቀልዱ ምስጢሩን የያዘው ተናጋሪው ነው፤ በቆቡ ጨዋታ ምስጢሩ የልጆቹ ነው። ቀኑን ሙሉ «ይኼን አታውቅም፣ ተማር» ሲባል የዋለ ልጅ ለአፍታ ከትልቅ ሰው በላይ አዋቂ ይሆናል። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ጭውውት የሚያዘጋጅ መምህር ወይም የክበብ ኃላፊ ይህቺን አንድ ነገር ከያዘ ሌላው ሁሉ በልምምድ የሚመጣ ነው።

ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ፣ ከሐይቅ እስከ መካነ ሰላም፣ ትምህርት ቤቶች ጭውውት የሚያሳዩባቸው ጊዜያት ተመሳሳይ ናቸው፦ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰዓት፣ ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ በወላጆች ቀን። የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ምክር የተጫነው ነው። ሰነፉ ተማሪ ይወድቃል፣ ጎበዙ ይሸለማል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ወጥቶ ከታሪኩ ምን እንደምንማር ያብራራል። ልጆቹ ያጨበጭባሉ እንጂ አይስቁም። እዚህ የምጽፈው ሳቅ ብቻ ዓላማው ስለሆነ ጭውውት ነው። ሳቅ ለልጅ በራሱ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከኋላው ምክር ማስከተል የለበትም።

ዕድሜ ለውጥ ያመጣል። 7 እና 8 ዓመት ላይ ያሉት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች በዓይን የሚታይ ነገር ይፈልጋሉ፦ የወደቀ፣ የተገለበጠ፣ ቦታውን የሳተ። ጫማ በእጁ ያጠለቀ ሰው ለእነሱ ይበቃል። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሲደርሱ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል ይገባቸዋል፤ እንቆቅልሽና የቃል ጨዋታ የሚጣፍጠው ያኔ ነው። አምስተኛና ስድስተኛዎቹ ደግሞ ሰው ሲመሰል ማየት ይወዳሉ፦ የታክሲ ረዳት፣ የገበያ ነጋዴ፣ ስብሰባ ላይ ማይክ አልለቅ ያለ ተናጋሪ። ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ከተሰበሰቡ ለትንሹ አስቡ። ስድስተኛ ክፍል በወደቀ ሰው ይስቃል፤ አንደኛ ክፍል ግን በቃል ጨዋታ የሚስቀው ትልልቆቹ ሲስቁ አይቶ ብቻ ነው።

ከቆቡ እንጀምር፣ ምክንያቱም የሌሎቹ ሁሉ አሠራር እዚያ ውስጥ አለ። ተዋናዩ ቆቡን አድርጎ መግባት የለበትም፤ በዚህ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቆቡን በእጁ ይዞ ይግባ። ፀሐዩ እንዳቃጠለው ቀና ብሎ ይይ፣ ቆቡን ቀስ ብሎ ይድፋ፣ በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያድርገው። ኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ሳይቀር ማየቱን እስኪያረጋግጥ አይቸኩል። ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ይዙር፦ ሰሌዳ ያጥፋ፣ ጫማውን ይሰር። ድንገት «ኧረ ቆቤ!» ይበል። መጀመሪያ ኪሱን፣ ቀጥሎ ዴስክ ስር፣ በሦስተኛው የአንዱን ተማሪ ቦርሳ ይፈትሽ። ቦርሳው ላይ ሲደርስ ልጆቹ መጮህ ይጀምራሉ። «አናትህ ላይ ነው!» ሲሉት «እናቴ ጋ? እናቴማ ገበያ ሄዳለች!» ይመልስ። ይህቺ መልስ ብቻዋን አንድ ደቂቃ ሳቅ ታመጣለች፤ ልጆቹ «አናትህ! አናትህ!» እያሉ ለማረም ሲታገሉ እሱ «እናቴ! እናቴ!» እያለ ወደ በሩ ይጣራ። በመጨረሻ «ላይ! ላይ!» ሲሉት ወደ ጣራው አንጋጦ ይይ፣ ቆቡም ከኋላው ይውደቅ። ዞር ብሎ ያነሣውና «እናንተ ናችኋ የጣላችሁት!» ብሎ አናቱ ላይ ደፍቶ ይውጣ። በሩ ላይ ደርሶ ቆም ይልና፦ «ኧረ ቆቤ!»

የዚህ ጭውውት አደጋ ጩኸቱ ነው። ጎን ያለው ክፍል ትምህርት ላይ ከሆነ ርእሰ መምህሩ ይመጣሉ። ልጆችን ዝም ለማሰኘት ተዋናዩ ከእነሱ በላይ አይጩህ፤ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ያንሣና በሹክሹክታ «ቆይ… ሌባ ሳይሰማን…» ይበል። ሹክሹክታ ስልሳ ልጅን በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ያስጠጋል። ምስጢሩ ውስጥ አስገባቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ምወደው ልምጣ፣ ወደ ሐረጎ መንገድ። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አይራራቁም፣ ግን መንገዱ በሐረጎ ተጠማዝዞ ወደ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። በሚኒባስ የወረደ የደሴ ልጅ ሁሉ ሰውነቱ ያውቀዋል፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ምንም ማስረዳት አያሻም። የሚያስፈልገው ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ለመሪ የሚሆን አንድ ሰፌድ እና ስድስት ልጅ ነው፦ ሹፌር፣ ረዳት፣ አራት ተሳፋሪ። ሹፌሩ ለብቻው ከፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አግዳሚዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ተመልካች አታዙሯቸው፣ የኋላዎቹ ይሸፈናሉ፤ ወደ ጎንም አታዙሯቸው፣ ፊታቸው አይታይም። ሰያፍ አድርጓቸው፤ ረጃጅሞቹን ከኋላ አስቀምጡ።

ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። አንዱ ይገባል። «አንድ ሰው የቀረው!» ሌላው ይገባል። መኪናው ጢም ብሎም «አንድ ሰው የቀረው!» ነው። አራተኛው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ የተጨፈነው ተሳፋሪ፣ እያዛጋ ይመጣና ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ «ወልድያ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ረዳቱ ሳይሰማ «ግባ፣ ግባ! ጠጋ ጠጋ በሉለት!» ብሎ ይገፋዋል። ወልድያ ወደ ሰሜን፣ ኮምቦልቻ ወደ ደቡብ መሆኑን የሚያውቁት ልጆች እዚህ ላይ መንሾካሾክ ይጀምራሉ። ያቺ ጥያቄ ካልተሰማች መጨረሻው ይበላሻል፤ ስለዚህ «ወልድያ ነው?» ሲባል ሌላው ሁሉ ጸጥ ይበል፣ ሞተሩም ገና አይነሣ።

ሞተሩ የተሳፋሪዎቹ አፍና እግር ነው። ከንፈር እያንቀጠቀጡ እግራቸውን ቶሎ ቶሎ ይመታሉ፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ንግግር ሲኖር ሞተሩ ይወርዳል፣ ሲያልቅ ይነሣል፤ ይህን ደንብ ካላስጠበቃችሁ አንድም ቃል አይሰማም። ከዚያ ኩርባው ይመጣል። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሰውነት የሚጣለው ወደ ግራ ነው። ልጆች ይህን መጀመሪያ ላይ ይገለብጡታል፣ ሰፌዱ ወደዞረበት ይተኛሉ፤ ሲታይም መኪና መኪና አይሸትም። በልምምድ ጊዜ ሹፌሩ ጮክ ብሎ «ቀኝ!» ይበል፣ ተሳፋሪዎቹ ወደ ግራ ይሂዱ፤ ሲለመድ ድምፁን አጥፉና ሰፌዱን ብቻ አይተው ይንቀሳቀሱ። ውበቱ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። አንድ ልጅ ብቻ ግማሽ ምት ቢቀድም ዓይን እሱ ላይ ይወድቃል።

ግማሽ ምት መዘግየት የተፈቀደለት እንቅልፋሙ ብቻ ነው። ሌሎቹ ወደ ግራ ሄደው ሲመለሱ እሱ ገና እየሄደ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ጎረቤቱ በጣቱ ጫፍ ቀና ያደርገዋል። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ይደገማል፣ አሁን ጎረቤቱ ተናድዷል። ከሦስተኛው ኩርባ በፊት ጎረቤቱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል፣ ቀስ ብሎም ከወንበሩ ይነሣል። ልጆቹ አሁን ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ፣ እንቅልፋሙ አያውቅም። ሹፌሩ እዚህ ላይ አይቸኩል፤ ሰፌዱን ሊያዞር ብድግ ያድርግና ይተወው፣ እንደገና ብድግ ያድርግና ይተወው፣ ከዚያ ያዙረው። ሳቁ ከውድቀቱ በፊት ነው የሚጀምረው። መጨረሻ ላይ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ወራጅ!» ሲል እንቅልፋሙ ተነሥቶ ዙሪያውን ያያል፦ «ወልድያ ሞቃለች ልበል?» ጭውውቱ እዚህ ያልቃል። ረዳቱ መልስ ከሰጠ ይቀዘቅዛል።

መውደቅ ግን ይለመዳል፣ በዘፈቀደ አይሠራም። ልጅ ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይመረኮዛል፤ የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንዲህ ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ወደ አግዳሚው ጫፍ ይንሸራተት፣ ጉልበቱን ይጠፍ፣ መሬቱን መጀመሪያ የጭኑ ጎን፣ ቀጥሎ መቀመጫው፣ በመጨረሻ ትከሻው ይንካ። አገጩ ወደ ደረቱ ይጠጋ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ይታቀፉ። መጀመሪያ ቁጢጥ ካለበት፣ ቀጥሎ ከበርጩማ፣ ከዚያ ከአግዳሚው ያለማምዱት። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ሁለት እጥፍ ጆንያ ይነጠፍ። ሊቀመጥ ካለ ልጅ ስር ወንበር መሳብ ግን በፍጹም አይግባ፤ ጀርባ ይጎዳል፣ በማግስቱም ትምህርት ቤቱ ሙሉ ይሞክረዋል። ተመሳሳይ ሳቅ ከፈለጋችሁ ልጁ ራሱ ወንበሩን ይሳት፦ ሌላ ነገር እያየ፣ እያወራ፣ ከወንበሩ አንድ ክንድ ርቆ ቀስ ብሎ ቁጢጥ ይበል።

ጋቢ ያለው ትምህርት ቤት ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም። አንዱ ልጅ ከፊት ይቆማል፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀበቶው ውስጥ ይሸጉጣል። ሁለተኛው ከኋላው ተጠግቶ በብብቱ ስር እጆቹን ወደ ፊት ያወጣል። ጋቢው ሁለቱን ይሸፍናል፤ የሚታየው አንድ ፊትና የሌላ ሰው ሁለት እጆች ናቸው። የኋላው ቁመቱ ከፊተኛው ትንሽ ማጠር አለበት፣ አለዚያ ግንባሩ ይታያል። ሰውየው ጠዋት ይነሣል፣ ዓይኑን ያሻል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ጸጉሩን ያበጥራል፣ ቁርሱን ይበላል። የኋላው ስለማያይ ማበጠሪያው ጆሮ ውስጥ፣ ሙዙ ጉንጭ ላይ ይሄዳል።

ይህ ጭውውት የሚበላሸው የኋላው ልጅ ሆን ብሎ ሲያበላሽ ነው። ከልቡ አፉን ማግኘት መሞከር አለበት፤ ሳቁ ያለው ጥረቱ ውስጥ ነው። ፊተኛው ደግሞ እጁ የራሱ እንደሆነ ማመን አለበት፦ ሙዙ አፍንጫው ላይ ሲለጠፍ ሙዙን ይቆጣ እንጂ ወደ ኋላ አይዙር። እጅና አፍ እንዲገናኙ ንግግሩ ይርዳ፤ ፊተኛው «አሁን አፍንጫዬ በላኝ» ካለ እጁ የት እንደሚሄድ የኋላው ይሰማል። ለመብል ሙዝ ወይም የራሰ እንጀራ ይሁን። ቆሎ አይሁን፤ የሚስቅ ልጅ አፍ ውስጥ ቆሎ ማነቅ ይችላል። ውኃው ግማሽ ኩባያ ይበቃል፣ የደሴ ጠዋት ከሆነም ለብ ይበል። ከሦስት ደቂቃ በላይ አይሂድ፣ ጋቢው ውስጥ ያለው ይታፈናል።

በዚያው ጋቢ አህያም ይሠራል። ፊተኛው የካርቶን ጆሮ ይዞ ይቆማል፣ የኋላው ጎንበስ ብሎ የፊተኛውን ቀበቶ ይይዛል፤ ልብሱን ከያዘ ልብሱ ይወልቃል። ሻጭና ገዢ በአህያው ዋጋ ይከራከራሉ። ገዢው ዝቅ ያለ ዋጋ ሲጠራ አህያው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከፍ ሲያደርግ ይቀመጣል። ሻጩ «ና!» ሲል የፊት እግሮቹ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ይቀራሉ። ሌላ ድርሰት አያስፈልገውም።

ሁሉም ነገር ሦስት ጊዜ የሚሆንበትን ምክንያት ልብ ያላችሁ ትኖራላችሁ። አሠራሩ እንደ ቡናችን ነው፦ አቦሉ ነገሩን ያስተዋውቃል፣ ቶናው ያጸናል፣ በረካው ላይ እንግዳው ሊነሣ ሲል ሌላ ነገር ይመጣል። ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ገና ንድፉን አልያዙትም። አራተኛ ከሆነ ሰልችቷቸዋል። ሦስተኛው ላይ የሚጠብቁት ይምጣ፣ ግን ባልጠበቁት በኩል ይምጣ። ለልምምድ የእንቆቅልሽን ወግ ተጠቀሙበት፤ ዘዴው እዚያ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። መላሹ መልሱ ሲያቅተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። «ደሴን ሰጠሁህ።» «ኧረ ብርድ ነው!» «ባቲን ሰጠሁህ።» «ኧረ ሙቀት ነው!» «ታዲያ የት ላድርስህ?» «እናቴ ጋ!» ሦስተኛ ክፍል በዚህች ብቻ ይፈርሳል፣ የየሰፈራቸውን ስም እያስገቡም ሳምንቱን ሙሉ ይጫወቷታል።

የቃል ጨዋታ ከተነሣ የስም ጥሪ ሰዓት የማያልቅ ምንጭ ነው። የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ መምህር ይሆናል፤ እጅጌው ከጣቱ ማለፉ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። መምህሩ ከመግባቱ በፊት ይመር የተባለው ተማሪ ክፍሉ እያየው ዴስክ ስር ይደበቃል። መምህሩ ሲጠይቅ ሌላ ተማሪ ይመልስለታል፦

«ይመር አለ?»
«ምን አለ?»
«ምን አለ አላልኩም። አለ ወይ?»
«‹ወይ› አላለም ቲቸር።»
«ታዲያ ምን አለ?»
«ዝም አለ።»
«ዝም ካለማ፣ አለ ማለት ነዋ!»
«ዝም ካለማ፣ ምንም አላለም!»
ከዴስክ ስር፦ «ወላሂ፣ እኔ ምንም አላልኩም!»

ይህን ሁለቱ ልጆች እንደ ኳስ መቀባበል አለባቸው፤ በመሃል ትንፋሽ ከገባ ይሞታል። ፍጥነቱን የሚያመጣው በቃል ማጥናት ብቻ ነው። ተቃራኒው ደግሞ የጂኦግራፊው ጥያቄ ነው፣ ዝግታ ይፈልጋል። «የደቡብ ወሎ ዋና ከተማ ማን ናት?» ሲባል ተማሪው በሙሉ ልብ «ሐይቅ!» ይላል። «ደሴ አይደለችም እንዴ?» መልሱ ከመምጣቱ በፊት ተማሪው መምህሩን በኀዘኔታ ለረጅም ጊዜ ይመልከተው፦ «ቲቸር፣ ደሴ ውስጥ የት ይዋኛል?» ሳቁ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ የገባቸው፣ ከዚያ ጎረቤታቸው የነገራቸው። ሁለተኛውን ሳትጠብቁ አትለፉ።

መጠበቅ ራሱ ትልቅ ሙያ ነው። ሳቅ ሲነሣ ተዋናዩ ባለበት ይድረቅ፣ እጁ አየር ላይ ከሆነም እዚያው ይቆይ። ሳቁ መውረድ ሲጀምር፣ ፈጽሞ ሳይጠፋ፣ ይቀጥል። ልጆች በፍርሃት በሳቁ ላይ ያወራሉ፤ ቀጣዩ ቃል ይጠፋል፣ ተመልካቹም ነገር እንዳያመልጠው ሲል መሳቅ ያቆማል። በልምምድ ጊዜ ሁለት ልጆች ሆን ብለው ይሳቁ፣ ተዋናዮቹም መድረቅን ይለማመዱ።

ተዋናዩ ራሱ መሳቁ ሌላው ችግር ነው። ያልተለማመዱ ልጆች የጓደኛቸውን ዓይን ነው የሚያዩት፤ ግንባሩን እንዲያዩ ንገሯቸው። አምስት ስድስት ጊዜ ከተለማመዱ ለእነሱ አስቂኝ መሆኑ ያበቃል፣ ያኔ ለመድረክ ደርሷል። ከዚያ በላይ ከሄደ ደግሞ ይደርቃል። በልምምዱ ላይ ሌላ ተማሪ አታስገቡ፣ ምስጢሩ ቀድሞ ይወጣል።

ሜዳ ላይ ከሆነ ፀሐይን አስቡ። ፀሐዩ ከተመልካቹ ጀርባ ይሁን፤ ከተዋናዩ ጀርባ ከሆነ ፊቱ ይጨልማል። ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ ከፊቱ ያለውን ጭንቅላት አልፎ የሚያየው ከደረት በላይ ያለውን ነው፣ ስለዚህ መውደቅ ያለበት ጭውውት በረንዳ ወይም ደረጃ ላይ ይሠራ። አንድ ማይክ ለስድስት ልጅ ከማዞር ያለ ማይክ የሚሠራውን፣ ጋቢውን ወይም አህያውን፣ መምረጥ ይሻላል። የትምህርት ቤቱ ከበሮ ካለ አንድ ልጅ ጥግ ይቀመጥና የተዋናዩን እርምጃ ይምታ፤ ተዋናዩ ድንገት ሲቆም ከበሮው አንድ ምት ይጨምር። ተዋናዩ ከበሮውን ገላምጦ ያያል። ሦስቴ በቂ ነው።

የማይነኩ ነገሮች አሉ፣ በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ሰካራም በየጭውውቱ ይመጣል፣ ልጆችም ይስቁበታል፤ ግን ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ማታ ቤቱ ሰካራም የሚጠብቀው ልጅ ይኖራል። እንቅልፋም ያንኑ መንገዳገድ፣ ያንኑ መውደቅ ይሰጣችኋል፣ ማንንም ሳያቆስል። መንተባተብ፣ ማነከስ፣ ማየት አለመቻል ማሳቂያ አይደለም። የባቲን የሰኞ ገበያ የምትሠሩ ከሆነ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩና አርጎባው የሚገናኝበት ቦታ ነውና የማንንም አነጋገር አታጣሙ፤ የሚያስቀው አህያው ይሁን። ዱዓና ጸሎት፣ ምርቃትም ቢሆን፣ ይቅር፤ ሼኹም ቄሱም ወላጅ ሆነው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እንጀራና ዳቦ አይወርወር። የ1966ቱን እና የ1977ቱን ረሃብ ያዩ አያቶች ባሉበት አዳራሽ የተወረወረ ዳቦ ሳቅ ሳይሆን ዝምታ ነው የሚያመጣው። ሙዙም ቢሆን ፊት ላይ ከተለጠፈ በኋላ ይበላ።

ድንገተኛ ፍንዳታም አይኑር፦ ፊኛ ማፈንዳት፣ ርችት፣ ቆርቆሮ መደብደብ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ወልድያም ደሴም ኮምቦልቻም የጦር መሣሪያ ድምፅ ሰምተዋል፤ ያኔ ጡት የሚጠቡት ዛሬ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። የእንጨት ጠመንጃ የያዘ ወታደር አንዳንዱን ልጅ ያስቅ ይሆናል፣ አንዳንዱ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ጭውውት አያይም።

ጥፊ ካስፈለገ ደግሞ አይነካካም። የሚመታው እጅ ከፊት አንድ ስንዝር ርቆ ይለፍ፣ ድምፁን ተመቺው ራሱ ወገቡ ላይ አጨብጭቦ ያውጣው፣ ጭንቅላቱን በዚያው ቅጽበት ያዙር። ጭብጨባው እንዳይታይ ጀርባውን በሰያፍ ለተመልካቹ ይስጥ። መቺው መምህር፣ ተመቺው ተማሪ የሆነበትን ግን ተዉት። ተቃራኒው፣ ትልቁ በትንሹ የሚታለልበት፣ ሁልጊዜ የተሻለ ይሠራል፤ ቀድሞ የሚያውቀው ትንሹ ነውና።

ሲያልቅ «ይደገም!» ማለታቸው አይቀርም። ሙሉውን አትድገሙ። ሦስተኛውን ኩርባ ብቻ ድገሙ፣ እንቅልፋሙና ጎረቤቱ ሚና ተለዋውጠው። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት አግዳሚ ሁሉ ሚኒባስ ይሆናል፤ ይሁን። የአወዳደቁን ልምምድ ግን ለስድስቱ ተዋናዮች ብቻ አታስተምሩ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሣር ላይ ክፍሉ በሙሉ ይሥራው።